ኪሊማንጃሮ፣ ማውንት ኬንያ ወይስ ሩዌንዞሪ? የአፍሪካን ግግር በረዶ በእግር ሄዶ ፎቶ ለማንሳት የምርጫ መመሪያ

ራስ ዳሸን ላይ በረዶ ሲጥል ያየ ሰው አይጠፋም፤ ግን ውሎ ሳያድር ይቀልጣል። ግግር በረዶ ሌላ ነው። የአንዱ ዓመት በረዶ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጫነ የጠነከረ ነው። በስሜንና በባሌ ተራሮችም በጥንቱ የበረዶ ዘመን እንዲህ ያለ ነበረን፤ ዛሬ የቀረን እየገፋ አምጥቶ የቆለለው ድንጋይ ነው። በአሁኗ አፍሪካ ግግር በረዶ የሚገኘው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ ታንዛኒያ ውስጥ ኪሊማንጃሮ ላይ፣ ኬንያ ውስጥ በማውንት ኬንያ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ደግሞ በሩዌንዞሪ። ሦስቱም ጋ ለመድረስ ከአዲስ አበባ የሚያስፈልገው አጭር በረራ ነው።

ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። የአስጎብኚዎቹ ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ጫፍ ያሳያል፤ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ግን አይነግራችሁም። ከሃያ ዓመት በፊት የተነሳ ከሆነ በውስጡ ካለው በረዶ ብዙው ዛሬ የለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ተራራ ለየትኛው ፎቶ እንደሚሆን ለይታችሁ እወቁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

ተራራ የሚመርጥ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ከፍታውን ነው። ለፎቶ የሚሄድ ግን ከዚያ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አለ፦ በረዶው አጠገብ የምደርሰው በስንት ሰዓት ነው? እዚያስ ስንት ደቂቃ እቆያለሁ? ስድስት ቀን ተጉዞ በረዶው ጋ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። እጁ በብርድ ደንዝዞ፣ መሪው "እንውረድ" እያለው አንድ ሁለት ጊዜ በስልኩ ነካ አድርጎ ይመለሳል።

ሁለተኛው መመዘኛ በረዶው ምን ያህል እንደቀረና ምን ያህል እንደሚቀረብ ነው። ከሩቅ በሌንስ የሚሳብ፣ በእጅ የሚነካና ላዩ ላይ የሚኬድበት በረዶ የተለያዩ ፎቶዎችን ይሰጣሉ፤ የሚጠይቁት ሙያም ይለያያል። ሦስተኛው ጉልበትና ሙያ ነው፦ ገመድ፣ የወገብ መታጠቂያ፣ ክራምፖን (ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለጥርስ ብረት) ያስፈልጋል ወይስ ደህና ጫማና ዱላ ይበቃል? ከዚያ ከፍታው፣ ቀኑና ወጪው ይመጣል። የመጨረሻው የሚረሳ ነገር ነው፦ ጉም ወርዶ በረዶው ሙሉ ቀን ባይታይ ካሜራዬ ምን ያነሳል?

ኪሊማንጃሮ፦ የቆመው የበረዶ ግድግዳ

ኡሁሩ የሚባለው የተራራው ከፍተኛ ጫፍ 5,895 ሜትር ነው። በ1912 ተራራው ላይ ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ነበረ፤ በ2011 ሲለካ 1.76 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ እየቀነሰ ነው። ሆኖም ከሦስቱ ተራሮች ብዙ በረዶ ያለው አሁንም ኪሊማንጃሮ ነው፣ ቅርጹም እንደ ሌላው አይደለም። የሌላ አገር ግግር በረዶ ብዙውን ጊዜ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። የኪሊማንጃሮው የጫፍ በረዶ ግን ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ነው። ምክንያቱ አየሩ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ደረቅና ከዜሮ በታች ስለሆነ በረዶውን በዋናነት የሚበላው የአየሩ ሙቀት ሳይሆን የፀሐይ ጨረር ነው፤ ጨረሩም የግድግዳውን ጎን እየላጠ ያስኬደዋል።

እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ያለውን የፉርትቬንግለር በረዶ ቅሪት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥቁርና ደረቅ አሸዋው እስከ ግድግዳው እግር ድረስ ይሄድና ድንገት በረዶው ይጀምራል። ነጭና ሰማያዊ ንብርብር፣ በመሃሉ ቀጫጭን የአቧራ መስመር፣ ከላይ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተንጠለጠለ የበረዶ ዘለላ። ይህን ግድግዳ ፊት ለፊቱ ቆሞ ማንሳትና ከጠርዙ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማንሳት በፍጹም አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ነው የመንገድ ምርጫው የሚመጣው። ማራንጉ ጎጆ ያለው፣ ድንኳን የማይጠይቅ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው በአምስትና በስድስት ቀን ይሞክረዋል፣ ከፍታውን ሳይለምድም የሚመለሰው ብዙ ነው። ማቻሜ ስድስት ሰባት ቀን፣ ሌሞሾ ሰባት ስምንት ቀን ይፈጃሉ። ለፎቶ እነዚህ ሁለቱ ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ወደ 4,000 ሜትር ላይ ባሉት ባራንኮና ካራንጋ ሰፈሮች ስታድሩ የደቡቡን በረዶ ከድንኳናችሁ ደጅ ማታና ጠዋት ታዩታላችሁ። ረዘም ያለ ሌንስ ካላችሁ ከጉዞው ሁሉ በጣም የተረጋጋው የፎቶ ሰዓት ይህ ነው። ሳትደክሙ፣ እጃችሁ ሳይደነዝዝ ታነሳላችሁ።

የመጨረሻው ሌሊት እንዲህ ነው፦ ጉዞ የሚነሳው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ታንዛኒያውያንም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ስለሆነ መሪው ሰዓት ሲነግራችሁ ማስላት አያስፈልጋችሁም። ስቴላ ፖይንት የሚባለው ጠርዝ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መድረስ የተለመደ ነው። ከዚያ እስከ ኡሁሩ ያለው የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በግራ በኩል ሬብማን፣ ዴከንና ከርስተን የተባሉትን ግግር በረዶዎች ቅሪቶች ያሳያል፤ በቀኝ የእሳተ ገሞራው አፍ ነው። ያ አንድ ሰዓት ለፎቶ ወርቅ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ሰው ጫፉ ላይ ወደተተከለው የስም ሰሌዳ ይጣደፋል። ከመሪያችሁ ጋር ከዋዜማው ተነጋገሩ፦ "ሰሌዳው ጋ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል፣ ጊዜውን ግራ በኩል ላለው በረዶ ስጠኝ" በሉት።

ፉርትቬንግለርን ፊት ለፊት የሚፈልግ ሰው እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ፣ ከ5,700 ሜትር በላይ በሚገኘው ሰፈር ማደር ይችላል። የፎቶውን ነገር ካነሳን ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ግን እዚያ ከፍታ ላይ ማደር የሚገባው በደንብ ለለመደ ሰው ብቻ ነው። ወደዚያ ሰፈር በምዕራባዊው ስንጥቅ በኩል እንውጣ የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። በ2006 ጥር ወር ሦስት ተራራ ወጪዎች በሚንከባለል ድንጋይ የሞቱት እዚያ ነው፤ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ደግሞ በረዶው አጣብቆ የያዘው ድንጋይ ይለቃል። በስቴላ ፖይንት በኩል ወጥቶ ወደ ውስጥ መውረድ ይቻላል።

ስለ ወቅቱ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነ በጥርና በየካቲት ፀሐይዋ በደቡብ ሰማይ ትሄዳለች፤ ያኔ ብርሃን የሚያገኘው የደቡቡ በረዶ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይዋ በሰሜን ነች፣ የሰሜኑ የበረዶ ሜዳ ግድግዳ ያበራል። ሁለቱም ደረቅ ወቅቶች ናቸው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ስሜን በጭቃ ሲያዝ እዚያ ሰማዩ ጥርት ይላል።

ወጪው ከሦስቱ ከባዱ ነው። የፓርኩ ክፍያ በየቀኑ ስለሚታሰብ ቀን ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል፤ በደህና ድርጅት ሲኬድ በግምት ከ1,800 እስከ 3,000 ዶላር ይደርሳል። በጣም የረከሰ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ልዩነቱ የሚወጣው ከተሸካሚዎቹ ደሞዝና ምግብ ነው። የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ሲመዘን በዓይናችሁ እዩ።

ማውንት ኬንያ፦ ሲያልቅ የሚታይ በረዶ

እውነቱን ልናገር፤ ብዙ ነጭ በረዶ አያለሁ ብሎ ማውንት ኬንያ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ሉዊስ የተባለው ግግር በረዶ ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከይዘቱ 90 በመቶውን አጥቷል። ግሪጎሪ የሚባለው ጎረቤቱ ጠፍቷል። ቀድሞ ኔሊዮን ወደሚባለው የተራራው ጫፍ የሚወጡ ሰዎች በክራምፖን ይሻገሩት የነበረው ቦታ ዛሬ አብዛኛው ባዶ ድንጋይ ነው።

እኔ ግን ለፎቶ ሰው ይህን ተራራ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክርበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። 4,790 ሜትር ላይ ያለው የኦስትሪያ ጎጆ ከሉዊስ አፍንጫ ሥር ነው፤ እዚያ ያደረ ሰው የማታውንም የጠዋቱንም ብርሃን በእጁ ያደርጋል። ሌናና ጫፍ (4,985 ሜትር) ከጎጆው አጭር መንገድ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሻይ ጠጥቶ እንደገና ካሜራ ይዞ መውጣት ይቻላል። ኪሊማንጃሮ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል የለም።

ሁለተኛው ታሪኩ ነው። እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደር በ1899 የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ባትያን (5,199 ሜትር) ላይ ሲወጣ ተራራው 18 ግግር በረዶዎች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ ሉዊስ በሐሩር አገር ካሉ ግግር በረዶዎች ሁሉ በጣም ከተጠኑት አንዱ ሆኗል፤ የድሮ ፎቶና ካርታም ሞልቷል። የድሮውን ፎቶ አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱና የተነሳበትን ቦታ ፈልጉ። በቅርብ ያለ አንድ ድንጋይና በሩቅ ያለ አንድ ጫፍ በፎቶው ላይ እንደነበሩት ሲገጣጠሙ ቦታው ላይ ናችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን ርዝመትና የቦታውን ጂፒኤስ መዝግቡ። እንዲህ ያለ ጥንድ ፎቶ ከመቶ ውብ ፎቶ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው በናንተ ቦታ ቆሞ ሦስተኛውን ሊያነሳ ይችላል።

በረዶው ጠጋ ሲሉት ነጭ አይደለም። ላዩ በጥቁር አቧራ ተነክሮ አመድማ ሆኗል፣ ከሥሩ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በረዶው የለቀቀው ድንጋይ ደግሞ በምስማር የተቧጨረ ይመስል ረጅም ጭረት አለበት። ያንን ጭረት ፀሐይ አግድም ስትመታው አንሱት። ግግር በረዶ እዚያ እንዳለፈ የሚመሰክር ፎቶ እሱ ነው።

ከመንገዶቹ ቾጎርያ በሐይቆቿና በገደሎቿ ለፎቶ አቻ የላትም፤ ሲሪሞን ደረቅና ለከፍታ መልመጃ ደህና ነው፤ ናሮ ሞሩ አጭር ነው ግን ረግረጉ ያሰለቻል። በሲሪሞን ወጥቶ በቾጎርያ መውረድ ጥሩ ምርጫ ነው። አራት አምስት ቀን ይበቃል፣ ወጪውም በግምት ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ነው። ከሞያሌ በመኪና ለሚመጣም በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናንዩኪ የሚያደርሰው አስፋልት ተራራው ሥር ያወጣዋል።

ሩዌንዞሪ፦ በረዶ ላይ ለመራመድ

የሰንሰለቱ ከፍተኛ ጫፍ ማርገሪታ 5,109 ሜትር ነው፤ ከሦስቱ ግን በጣም አድካሚው ይህ ነው። ሌሎቹ ላይ በረዶውን ታዩታላችሁ፤ እዚህ ላዩ ላይ ትሄዳላችሁ። ከኤሌና ጎጆ (4,541 ሜትር) ሌሊት ተነስቶ ማርገሪታ ያለበትን የስታንሊ ተራራ በረዶ በገመድ ተያይዞ፣ በክራምፖንና በበረዶ መጥረቢያ መሻገር ግድ ነው። ስንጥቅ አለበት። በክራምፖን ተራምዶ የማያውቅ ሰው ከዋናው ቀን በፊት ልምምድ የሚሰጥ መሪ ይፈልግ።

ይህ ሰንሰለት ከሁሉም የላቀ የፎቶ ታሪክ አለው። በ1906 የአብሩዚ መስፍን ዘመቻ ጫፎቹን ሲወጣ አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ፎቶ አንሺ ቪቶሪዮ ሴላ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም የበረዶውን መጥፋት ለመለካት ያገለግላሉ። በዚያን ጊዜ ወደ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው በረዶ በ2003 አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ አሁን ሊሄዱበት የሚቻለው ዋናው ቅሪት ስታንሊ ላይ ነው።

ዝናቡ እንደ ሌላው ተራራ አይደለም። ሰው እስከ ጉልበት በሚደርስ ረግረግ ውስጥ በቦቲ ጫማ ነው የሚሄደው፤ ቆንጆ የተራራ ጫማችሁን ለበረዶው ቀን አስቀምጡት። ደረቅ የሚባሉት ጊዜያት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ናቸው፤ ያኔም ይዘንባል። ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ይገለጥና ጉሙ ይመለሳል።

በረዶው ባይታይ ምን ይነሳል? ለሚለው ጥያቄ ግን የሩዌንዞሪን ያህል የሚመልስ የለም። እኛ በስሜንና በባሌ የምናውቀው ጅባራ ዘመዶቹ እዚያ አሉ፤ አስታው ደግሞ ዛፍ አክሎ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴና ወርቃማ ሽበት አንጠልጥሎ ይቆማል። ጉምና የተበታተነ ብርሃን ለዚህ ጫካ የተፈጠረ ነው። ሰባት ስምንት ቀን ይወስዳል፣ በግምት ከ1,000 እስከ 1,600 ዶላር፤ ከኢንቴቤ እስከ ካሴሴ ያለውን ረጅም የመኪና መንገድም ቁጠሩ።

በውጭ ለምትኖሩ

ሲያትልና አካባቢው ላላችሁ ማውንት ሬኒየር የቀን ጉዞ ነው። ከፓራዳይዝ የሚነሳው፣ ስካይላይን የሚባለው የ9 ኪሎ ሜትር ያህል ዙር መንገድ የኒስኳሊን ግግር በረዶ ፊት ለፊት ያሳያል፤ በረዶው ከመንገዱ ላይ የሚጠራው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአልፕስ ትልቁን ግግር በረዶ፣ የስዊዘርላንዱን አሌች፣ ከቤትመርሆርን ወይም ከኤጊስሆርን በኬብል መኪና ወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የግግር በረዶ ፎቶ ለመልመድ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ከፍታውም ከአፍሪካዎቹ ጫፎች በጣም ያነሰ ነው።

ሦስቱ ጎን ለጎን

| መመዘኛ | ኪሊማንጃሮ | ማውንት ኬንያ (ሌናና) | ሩዌንዞሪ (ማርገሪታ) |
|---|---|---|---|
| ከፍታ | 5,895 ሜ. | 4,985 ሜ. | 5,109 ሜ. |
| የቀረው በረዶ | ከሦስቱ ብዙው | በጣም ትንሽ | ትንሽ፣ ስታንሊ ላይ |
| ቅርበት | ከጠርዝ፣ ወይም አፉ ውስጥ ካደሩ አጠገቡ | ከጎጆው አጭር መንገድ | ላዩ ላይ |
| በረዶው ጋ ያለው የፎቶ ጊዜ | አጭር | ረጅም፣ ማታም ጠዋትም | አጭር፣ እንደ ጉሙ |
| ገመድና ክራምፖን | አያስፈልግም | አያስፈልግም | የግድ |
| ቀን | 6–8 | 4–5 | 7–8 |
| ግምታዊ ወጪ በዶላር | 1,800–3,000 | 500–1,000 | 1,000–1,600 |
| ጉም ቢወርድ | ደካማ | መካከለኛ | ከሁሉ የተሻለ |

ስለ ካሜራው

ካሜራ በረዶ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ አመድማ ይወጣል። የብርሃን ማካካሻውን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ) ጨምሩ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ እንዳይነካ እያያችሁ። ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አድርጋችሁ አንሱ። የበረዶው ሰማያዊ ጎልቶ የሚወጣው በጥላና በደመና ነው፤ ቀትር ላይ ይጠፋል። ግድግዳው ምን ያህል እንደሚረዝም እንዲታወቅም ሰው አቁሙበት፤ ያለ ሰው የስድስት ሜትሩም የሠላሳ ሜትሩም አንድ ይመስላል።

ብርድ ባትሪ ይገድላል። ትርፍ ባትሪና ስልክ ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ፣ ስትወጡ ከደረት ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ወደ ጎጆ ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ እስኪሞቅ ተዉት፣ አለዚያ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ለኪሊማንጃሮ ከባድ ትራይፖድ አልመክርም፣ ጫፉ ላይ የሚያወጣው ሰው የለም፤ ለማውንት ኬንያ ግን ያዙት። ድሮን ያለ ፈቃድ የትኛውም ፓርክ ውስጥ አታስነሱ።

ለማን የቱ ይሻላል?

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሄደው፣ ትልቅ በረዶ ማየት እፈልጋለሁ የምትሉ፦ ኪሊማንጃሮን በሌሞሾ፣ በስምንት ቀን። ገንዘቡ ለስድስት ቀን ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዘንድሮ ተዉትና ለከርሞ አጠራቅሙ፤ የተቆረጡት ሁለት ቀናት ሰውነታችሁ ከፍታውን የሚለምድባቸው ናቸው።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ለጥናት፣ ለትምህርት፣ ለዜና የሚውል ከሆነ ማውንት ኬንያ። ሳትዘገዩ ሂዱ፤ ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ግምገማ በኪሊማንጃሮና በማውንት ኬንያ ያሉት ግግር በረዶዎች እስከ 2050 ባለው ጊዜ እንደሚጠፉ ተናግሯል፣ ሉዊስ ግን ያንን ያህል የሚቆይ አይመስልም።

ከፍታ ለምዶ፣ እርጥበት ችሎ፣ ገመድ የማይፈራ ሰው ወደ ሩዌንዞሪ ይሂድ። ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች አብረዋችሁ ከሆኑ ሦስቱንም ጫፎች ትታችሁ ከሩቅ የሚታይበትን ምረጡ፤ ኪሊማንጃሮን ኬንያ ውስጥ ካለው ከአምቦሴሊ ሜዳ ንጋት ላይ በረጅም ሌንስ ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚያድር ከዱባይ ወይም ከሪያድ ከሚመጣው ይልቅ ለጅማሬው ይቀለዋል፤ ከ4,000 በላይ ግን ሁሉም እኩል ይጠንቀቅ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ እዚያው ቆዩ፣ አትውጡ። እግር ከተንገዳገደ፣ ንግግር ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ኦክስጅንና የኦክስጅን መለኪያ ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ለተሸካሚ በቀን ስንት ትከፍላላችሁ? በረዶው ጋ የምንደርሰው በስንት ሰዓት ነው፣ እዚያስ ለፎቶ ስንት ጊዜ ትሰጡናላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ የሰዓት ቁጥር ሳይጠቅስ የሚመልስ ድርጅት ፎቶ አንሺ ይዞ ወጥቶ አያውቅምና ሌላ ፈልጉ።